የሞተር መተንፈሻ ጎማ ብደፍነው ምን ችግር አለው?

ባለሞተሩ ሐዋሳ፦
ሰላም ባለሙያዎች። 150 ሲሲ ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ነው ምነዳው፣ ከሞተሩ ወደ አየር ፊልትሮው ቤት ምትሄድ ጎማ አለች አይደል፣ እሷ ዘይት እየተፋች ፊልትሮዬን አራሰችብኝ። ነቅዬ አፉን በቡሎን ደፈንኩትና ተገላገልኩ ስል በሦስተኛው ቀን ካቴናው ጋ ካለው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ ዘንጉ ዙሪያ ሚገባው የጎማ ቀለበት) ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ፣ አስቀየርኩ፣ ሳምንት ሳይሞላው ደገመ። መካኒኩ ፓራኦሊዮው ኦሪጅናል ስላልሆነ ነው ይለኛል። ይገናኛሉ እንዴ?

ጋራዥ ያደገ፦
ኧረ ቡሎኑን አሁኑኑ ንቀል!! ፓራኦሊዮው ምን አጠፋ። ፒስተኑ ሲወርድ ከስሩ ያለውን አየር ይገፋዋል፣ ባንተ ሞተር በየዙሩ 150 ሲሲ አየር ማለት ነው፣ በ6000 ዙር ስትነዳ ደሞ በሰከንድ 100 ጊዜ። በዛ ላይ ፋሻው (ፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች) ምንም ደህና ቢሆን ከላይ ከሚቃጠለው ጋዝ ትንሽ ወደ ታች ማምለጡ አይቀርም። መውጫውን ስትደፍንበት የላላ ቦታ ፈልጎ ይወጣል፣ ወይ በፓራኦሊዮ ወይ በጓርኒሲዮን (የሞተሩ መጋጠሚያ ላይ ሚገባው ማሸጊያ)።

ጎማዋ ለምን ተፋች ነው ዋናው። መጀመሪያ ዘይቱን ለካ፣ ሞተሯን በጎን ማቆሚያዋ አዘንብለህ ሳይሆን ቀጥ አድርገህ። ከበዛ ኮሎው (ፒስተኑ ሚያዞረው ዘንግ) እየመታ አረፋ ያደርገውና በጎማው ይወጣል። ልክ ከሆነ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ቆሞ፣ ነዳጅ ሳትሰጠው) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት (ልብስህን ጠብቅ ይረጫል)። እጅህን ስታስጠጋ እፍ እፍ ካለ ባለ አንድ ፒስተን ላይ ያለ ነው አትደንግጥ፣ ሳያቋርጥ እየገፋ ጭስ ካለው ግን ፋሻ ወይ ሲሊንደሩ አልቋል።

ኤክስኤስ ዴንቨር፦
ልክ ነው። እኔ የድሮ ያማሃ ኤክስኤስ 650 አለችኝ፣ ሁለቱ ፒስተኖች እኩል ወጥተው እኩል ነው ሚወርዱት፣ ትንፋሿ የጉድ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሚወርድባቸው ላይ አየሩ ከአንዱ ስር ወደ ሌላው ስር ስለሚሄድ ይሻላል። ሌላ ነገር፣ እዚህ በብርዱ ጊዜ አጭር አጭር መንገድ ብቻ ስነዳ ጎማው ውስጥ ማኪያቶ የመሰለ ዝቃጭ ይሞላል፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ሲጠፋ ውስጡ የቀረው እርጥበት ከዘይቱ ጋር ተመትቶ ነው። ያለ ቡሎን ራሱን ይደፍናል ሃሃ።

ቱ ስትሮክ ወዳጅ፦
ያጎቴ ቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ሚቃጠልበት ሞተር) ላይ ግን እንዲህ አይነት ጎማ አይቼ አላውቅም?

ጋራዥ ያደገ፦
እዛማ አየሩና ነዳጁ በኮሎው ቤት አልፎ ነው ወደ ላይ ሚሄደው፣ ግፊቱ ራሱ ይፈለጋል። ክፍተት ካለው ወጉን አይሠራም።

ባለሞተሩ ሐዋሳ፦
ተባረኩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ነው ያገኘሁት፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ቀነስኩ፣ ጎማዋንም መለስኳት። አራት ቀኔ፣ ጠብታ የለም። ክዳኑንም ከፍቼ አየሁ፣ እፍ እፍ ብቻ ነው ጭስ የለውም። ሸሚዜን ግን ሳትነግረኝ በቀረህ የሚባል አይደለም፣ ነግረኸኝም አልሰማሁ 😂