ክረምቱን ምን እያነበባችሁ ነው?

የቡሬው፦ እናንተዬ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ ፍቅር እስከ መቃብርን ለሦስተኛ ጊዜ ጨረስኩት፣ ማንኩሳ እኮ እዚሁ ቅርባችን ናት በዛብህ ጎረቤቴ ነው የሚመስለኝ 😄 ቀጥሎ ምን ላንብብ?

ማርቆስ፦ የዛው ደራሲ የሀዲስ አለማየሁን ትዝታ ሞክረው። ልቦለድ አይደለም፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዘመቱበትን ከዛም ተማርከው ጣሊያን አገር የታሰሩበትን ራሳቸው ናቸው የሚያወሩት፣ እኔ ሁለት ቀን ስልክ አልነካሁም

የዳንግላዋ፦ እኔ ፍቅር እስከ መቃብርን ጉዱ ካሳ ባይኖር አልጨርሰውም ነበር፣ ፊታውራሪ መሸሻ ደሜን ነው ያፈሉት። የወጋየሁ ንጋቱን ትረካስ ሰምተሃል? ቡና እየቆላሁ ስሰማው ስንቴ አሳርሬዋለሁ መሰለህ

የቡሬው፦ @ማርቆስ ትዝታን ከየት ላግኘው?

ማርቆስ፦ የኔን አውስሃለሁ፣ ግን አምና የወሰደብኝ ሰው ስላለ መታወቂያ ታስይዛለህ 😂