ሲሊካዬ አሚን ሲለብስ እየተጣበቀ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ኦርጋኒክና ኢንኦርጋኒክ ክፍሎችን ያጣመረ ድቅል ናኖቁስ እየሠራሁ ነው። አንድ ቦታ ላይ ተይዣለሁና እባካችሁ እርዱኝ።

እምብርቱ ሲሊካ (ሲሊከን ዳይኦክሳይድ) ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው የሽቶበር ዘዴ፣ ከቲኢኦኤስ (ሲሊካው የሚገኝበት የሲሊከን ውህድ)፣ ከኤታኖል፣ ከውሃና ከአሞኒያ አዘጋጀዋለሁ። እስከዚህ ችግር የለም። ቅንጣቶቹ ክብ ናቸው፣ መጠናቸውም ወደ 100 ናኖሜትር። ፈሳሹ የቀጠነ ወተት ይመስላል፤ ቢያድርም አይዘቅጥም።

ጣጣው የሚጀምረው አፕቴስ (አሚን የተሸከመ ሳይሌን፣ ማለትም ሲሊካ ላይ የሚታሰር የሲሊከን ውህድ) ስጨምር ነው። የአሚን (ናይትሮጅን ያለበት የኬሚካል ቡድን) ጫፍ የፈለግሁት በኋላ የመድኃኒት ሞለኪውል ላስርበት ነው። ኤታኖል ውስጥ እያለ ደህና ነው። በሴንትሪፊዩጅ አጥቤ ፒኤች 7 አካባቢ ወዳለ ውሃ ሳዛውረው ግን ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ከታች ይቀመጣል። አልትራሳውንድ ስሰጠው ለጥቂት ደቂቃ ይበተናል፣ ከዚያ ያው ነው። የሚገርመው፣ አሲድ ጠብ ሳደርግበት ይረጋጋል።

ይሄ ነገር ፍንጭ ይመስለኛል። ባዶ ሲሊካ በዚህ ፒኤች አሉታዊ ሙል አለው፣ አሚኑ ደግሞ አዎንታዊ። ሁለቱ ተጣፍተው ቅንጣቶቹ መገፋፋት ያቆሙ ይሆን? ወይስ ውሃው በዝቶ አፕቴሱ እርስ በርሱ እየተያያዘ ነው ያጣበቃቸው? በተለያየ ፒኤች ዜታ ፖቴንሻል (የቅንጣቶቹን የገጽ ሙል የሚጠቁም ልኬት) ብለካ ይለይልኛል?

ፒኤቹን ዝቅ አድርጌ መተው አልችልም፤ ቁሱ በደም ፒኤች፣ በ7.4፣ መሥራት አለበት። ቅንጣቶቹን እንዲያራርቅልኝ ፔግ-ሳይሌን (ፔግ የተባለ ረጅም ሰንሰለት ያለው ሳይሌን) ልጨምርበት አስቤያለሁ፣ ግን አሚኑን እንዳይሸፍንብኝ ፈራሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ከአፕቴሱ ጋር አንድ ላይ ነው የጨመራችሁት ወይስ ተራ በተራ?