መርሴዲስ 300ዲ፦ ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ አይጠፋም (ደሴ)

የጦሳ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። መኪናዋ መርሴዲስ 300ዲ፣ ደብሊው 123፣ እ.ኤ.አ. የ1979 ሥሪት፣ ቱርቦ የሌላት ናት። ቁልፉን ስዘጋው ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይጠፋም። የኋላ በሮችም ከሹፌሩ በር ጋር አብረው መቆለፍ ትተዋል። የጥገና መመሪያው በፒዲኤፍ አለኝ፤ ገጹ ግን ብዙ ነው፣ ከየት ልጀምር? ቫኪዩሙን (አየር ስቦ የሚፈጠረውን የመሳብ ኃይል) ስለካው ጌጁ 0.6 ባር ላይ ቆመ፤ መመሪያው ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ፓምፑ ደክሟል ማለት ነው? ጋራዥ ሳላስገባት ራሴ ልሠራት ነው ያሰብኩት።

ቦርከና፦
አብሽር፣ ሁለቱም ችግር ከአንድ ምንጭ ሊመጣ ይችላል። ይህን የናፍጣ ሞተር የሚያጠፋው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ቫኪዩም ነው። በሮቹም የሚቆለፉት በዚያው ነው፤ አንዱ ጋ አየር ከገባ ሌላው ጋ ጉልበት ያንሳል።

ሞተሩ እምቢ ሲል ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮን በመልቀቅ አታንቀው። ኮፈኑን ክፈትና «ስቶፕ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ማንሻ እስኪጠፋ ድረስ ተጫነው። ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ከቬንትሌተሩ ይራቅ።

ከዚያ ከናፍጣ ፓምፑ ኋላ ያለችውን ክብ ማጥፊያ ቫልቭ ፈልግ፤ ቡናማ ቀጭን ቱቦ ይገባባታል። ቱቦውን ንቀልና አፉን እይ። የሞተር ዘይት ካለበት የውስጧ ሜምብሬን (ስስ ጎማ) ተቀዷል፣ ትለወጥ። ደረቅ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ሳባት። የእጅ ፓምፕ ካጣህ የ60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከፋርማሲ ገዝተህ በአጭር ቱቦ አገናኛት፤ አንዴ ስበህ ካልበቃ ቱቦውን ቆንጥጠህ ድገመው። ሞተሩ ጠፍቶ የእጅ ፓምፑ ጌጅ ባለበት ከቆመ ቫልቯ ደህና ናት።

ቀጥለህ ከፍሬን ሰርቮው (ፔዳሉን በቫኪዩም ከሚያቀልለው) ወፍራም ቱቦ የሚገነጠሉትን ቢጫ ቱቦዎች ነቅለህ ክፍት የቀረውን አፍ በልኩ ብሎን ድፈነው። አሁን ሞተሩ በቁልፉ ከጠፋ ጥፋቱ በሮቹ ዘንድ ነው። ከሹፌሩ በር በቀር በየበሩ ውስጥ ሜምብሬን ያለው መቆለፊያ አለ፤ የኋላ ዕቃ መጫኛውና የነዳጅ ክዳኑም እንዲሁ። ለመቆለፍ አንድ፣ ለመክፈት ሌላ ቱቦ ስላለ ሁለቱን ለየብቻ ሳብ፤ በአንዱ ይዞ በሌላው ሊለቅ ይችላል። ቢጫው ተደፍኖም ካልጠፋ ከቁልፉ ጀርባ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ትቀራለች፦ ቁልፉ ተዘግቶ የሚገባባት ቱቦ እየሳበ የሚወጣው ካልሳበ ጥፋተኛዋ እሷው ናት።

ሐይቅ ዳር፦
የቫኪዩም ፓምፑን አትንካው። 0.6 ባር ለደሴ ጥሩ ነው።

ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1.013 ባር ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለችው ደሴ ያላት 0.75 አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች 0.81 ይደርሳል። አየሩን ጠርጎ የሚያወጣ ፓምፕ ቢገኝ እንኳ ደሴ ላይ ከ0.75 አያልፍም። ስለዚህ የመመሪያውን የቫኪዩም ቁጥር በ0.75 አባዛው፤ 0.8 የሚል ካየህ ለደሴ 0.6 ነው።

ኮምፕረሽንም (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) እንደዚያው ነው፤ ጤነኛ ሞተር በከንቱ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ላንተ መኪና ሞተር፣ ለ617፣ የተጻፈው ከ22 እስከ 24 ባር ሲሆን ዝቅተኛው 15 ነው። ያው ሞተር ደሴ ላይ 17 ቢያሳይ አለቀ ተብሎ አይወርድም። ከፍታ የማያሳስተው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ3 ባር ካለፈ ያኔ አስብበት።

በሚሊ ሜትር የተጻፈ ግን አገር አይመርጥም። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ የማስገቢያው 0.10፣ የጭስ ማውጫው 0.30 ነው፣ ደሴም ሆነ አሳይታ። ይህ ቱርቦ ለሌለው 617.912 ሞተር ነው፤ ቱርቦ ያለው የጭስ ማውጫው 0.35 ነው። መመሪያውን በመኪናዋ ስም ሳይሆን በሞተሩ ቁጥር ምረጥ።

ሙጋድ ሰፈር፦
ማጥፊያ ቫልቯን የምትለውጥ ከሆነ በሁለት ብሎን ነው የተያዘችው፣ 10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታቸዋል። ብሎኖቹ እንደወጡ ቀጥ አድርገህ አትጎትታት፤ ውስጥ ከማጥፊያው ዘንግ ጋር የሚያያዛት መንጠቆ አለ፣ ዘንበል አድርገህ አላቃት። አዲሷን ስትገጥም መንጠቆው ቦታውን ካልያዘ ቫኪዩሙ ሙሉ ሆኖም ሞተሩ አይጠፋም። ጓርኒሲዮኑ (በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን።

ስለ ቱቦዎቹ፣ ጠንካራው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የሚሰነጠቀው በመገጣጠሚያው ያለው ጎማ ነው። አንዱ ካረጀ ሁሉም አርጅተዋልና በአንዴ ለውጣቸው። ሲሊኮን አትቀባ፤ ተስቦ ገብቶ ቀጭኑን መስመር ይደፍነዋል። ለሰርቮው ወፍራም ቱቦ ደግሞ ስስ የውሃ ጎማ አይሆንም፣ ሲሳብ ይጣበቃል።

የጦሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቡናማው ደረቅ ነው፤ ቢጫዎቹን ስደፍናቸው በቁልፉ ጠፋች! የበሩ ሜምብሬን እስኪገኝ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ብደርስስ?

ቦርከና፦
መጀመሪያ ሰርቮውን ፈትን። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ፣ እግርህን ሳታነሳ አስነሳ። ፔዳሉ ትንሽ መስመጥ አለበት፤ ባለበት ከቀረ ሐረጎን አትሞክራት። ከሰመጠ ቢጫዎቹ እንደተደፈኑ ሁለተኛ ማርሽ ይዘህ ውረድ፣ በሮቹን አንድ በአንድ በእጅ ትቆልፋለህ።