ኤስኤቲ መቼ ልፈተን? ብሔራዊ ፈተናም አለብኝ

ልጅ ከፍኖተ ሰላም

ሰላም ለሁላችሁም። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነኝ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ። የምማረው ፍኖተ ሰላም ነው። አሜሪካ ውስጥ ሙሉ የገንዘብ ድጋፍ ለሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከት እፈልጋለሁ። ለመግቢያ የሚጠይቁትን ፈተና፣ ኤስኤቲን (SAT)፣ መቼ እንደምፈተን ግን መወሰን አቃተኝ።

ብሔራዊ ፈተናው ባለፉት ዓመታት ሰኔ ማብቂያና ሐምሌ ላይ ነበር። እስከዚያ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ላይ መሆን አለበት። 50 ከመቶ ካላመጣሁ እዚህ አገርም በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። የአሜሪካዎቹ ማመልከቻ ደግሞ ቀደም ብሎ የሚዘጋው ኖቬምበር 1 ነው፣ በእኛ ጥቅምት 22። መደበኛው ጃንዋሪ 1 ገደማ ነው፣ ታኅሣሥ 23 አካባቢ። ታዲያ ግንቦት ላይ ልፈተን? ነሐሴ? ወይስ መስከረም መጨረሻ?

ሌላው ጭንቀቴ ገንዘብ ነው። አባቴ ገበሬ ነው፣ በቆሎና በርበሬ ያመርታል። አሁን በርበሬው ተሽጦ ትንሽ ብር እጁ ላይ አለ። ክረምት ሲገባ ግን ማዳበሪያው አለ፣ ዘሩ አለ። ነሐሴ ላይ ቤታችን ውስጥ ትርፍ ብር አይገኝም። ፓስፖርት የለኝም፣ ላፕቶፕም የለኝም። ኤስኤቲ የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

የማርቆስ ልጅ

እህቴ፣ እኔ የተማርኩት ደብረ ማርቆስ ነው። አሁን አሜሪካ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። በእኔ እምነት ነሐሴ ላይ ተፈተኚ። የኦክቶበሩን፣ ማለትም መስከረም ማብቂያ ላይ የሚውለውን፣ መጠባበቂያ አድርጊው። ግንቦትን ተይው፣ ለብሔራዊ ፈተናሽ ይሁን።

ከመዝጊያው ቀን ወደኋላ ቁጠሪ። ውጤት የሚመጣው ከተፈተንሽ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ የኦክቶበሩ ውጤት ለኖቬምበር 1 ይደርሳል፣ ግን ብዙ ትርፍ ጊዜ የለውም። የዲሴምበሩ ለጃንዋሪ ይደርሳል፣ ነገር ግን ካመመሽ ወይም መንገድ ከተዘጋ ሌላ ዕድል የለሽም። የእኛን መንገድ ታውቂዋለሽ። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዓባይ በረሃም መሃል ላይ አለ። በመጨረሻው ቀን ላይ የተንጠለጠለ እቅድ ለጎጃም ልጅ አይሆንም። ነሐሴ ላይ ከተፈተንሽ ግን የመጀመሪያው ባይሳካ እንኳ ሁለተኛ አለሽ።

አጥብቀሽ ያዢልኝ የምለው የምዝገባውን ነገር ነው። የነሐሴ ወንበር ነሐሴ ላይ አይያዝም። ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ቶሎ ይሞላሉ። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ የኤስኤቲን ድረ ገጽ እየገባሽ እዪ፣ እንደተከፈተም ተመዝገቢ። ብሔራዊ ፈተናውን የምትፈተኚው ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ገብተሽ ነው፣ ስልክም አይፈቀድም። ያን ጊዜ ምዝገባ ሊያልፍሽ ይችላል።

ሒሳቡ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ብዙም አያስፈራም፣ ካልኩሌተሩ እዚያው ፈተናው ውስጥ አለ። ጊዜ የሚፈልገው እንግሊዝኛው ነው። 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ ነው። አጭር አንቀጽ ታነቢያለሽ፣ አንድ ጥያቄ ትመልሻለሽ፣ ወደ ሌላ አንቀጽ ትሄጃለሽ። ያውም የመጀመሪያውን ግማሽ በደንብ ከሠራሽ ሁለተኛው ግማሽ ይከብዳል፣ ከፍ ያለ ነጥብ የሚገኘውም ከዚያ ነው። ፍጥነቱ የሚለመደው በንባብ ብቻ ነው። ደግነቱ ለብሔራዊ ፈተናው እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ ማንበብሽ አይቀርም። ያ ንባብ ለዚህም ይሆንሻል። ከሐምሌ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ለልምምድ ፈተና ብቻ አውያቸው። ፈተናው የሚሰጥበት ብሉቡክ የሚባለው መተግበሪያ ላይ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በነጻ አሉ።

ስለ ገንዘቡ፣ አባትሽ እጃቸው ላይ ብር ያለው አሁን ከሆነ አሁኑኑ ለይታችሁ አስቀምጡት። እኔ የማውቀው ክፍያ 68 ዶላር፣ ከአሜሪካ ውጭ ለሚፈተን ደግሞ 43 ዶላር ተጨማሪ ነው። የሚከፈለው በዶላር በሚሠራ ካርድ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ከከፈለልሽ እናንተ ብሩን እዚህ ለቤተሰቡ ትሰጣላችሁ። ከክፍያ ነጻ የሚያደርገው ዕድል አሜሪካ ውስጥ ላሉ ተማሪዎችና ለአሜሪካ ዜጎች ነው፣ እሱን ተስፋ አታድርጊ። ለማመልከቻው ክፍያ ግን ነጻ እንዲያደርጉሽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ።

ገንዘቡ ከናካቴው ባይገኝም መንገዱ አልተዘጋም። ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድና ዳርትማውዝ ፈተናውን ይጠይቃሉ። ቦውዶይን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አያስገድድም፣ የውጭ ተማሪንም የሚቀበለው የመክፈል አቅሙን ሳያይ ነው። ዝርዝርሽ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ይኑር።

መምህር ከቡሬ

ልጄ፣ ከላይ የተመከርሽው ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው ወረቀቱን ነው፤ ጎበዝ ልጆች በወረቀት ሲደናቀፉ ማየት ያመኛል።

መጀመሪያ ፓስፖርት። ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ጀምሪ። በፈተናው ቀን መታወቂያሽ እሱ ይሁን። ስምሽ በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በፈተናው ምዝገባ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ። የአባትሽ ስም አንዱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ተጽፎ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ አስተካክይው።

ሁለተኛ፣ የድጋፍ ደብዳቤ። ሰኔ ካለፈ መምህራን ይበተናሉ። አንዱ ለክረምት ትምህርት ይሄዳል፣ አንዱ አገሩ ይገባል፣ አንዱ ይዛወራል። የሚጽፉልሽን ሁለት መምህራን አሁን ጠይቂ። ኢሜይላቸውንና ስልካቸውን ያዢ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕትሽንም በማኅተም አስወጪ።

ደግሞ ብሔራዊ ፈተናውን ካለፍሽ የተመደብሽበትን ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ እየተማርሽ ብታመለክቺ ይሻላል እላለሁ። የውጩ ዕድል እንጂ ዋስትና አይደለም። ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ለልጅም ለወላጅም ከባድ ነው።

የማርቆስ ልጅ

መምህር፣ በአክብሮት እዚህ ላይ አልስማማም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር የጀመረን ተማሪ እንደ አዲስ አመልካች አያዩትም። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደሚዛወር ነው የሚያዩት። ለተዛዋሪ የውጭ ተማሪ ደግሞ የገንዘብ ድጋፉ በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ ከመመዝገቧ በፊት ለምታመለክትባቸው ሁሉ በኢሜይል ትጠይቅ። «ተምራ ቤት ተቀመጠች» የሚለው የጎረቤት ወሬ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ በእኔም ላይ ተብሏል። ግን አንድ ዓመት ነው።

መምህር ከቡሬ

ጠይቃ ትወስን ካልክ እስማማለሁ። መልሱ ሳይመጣ ግን ምደባዋን አትተው።

ልጅ ከፍኖተ ሰላም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነሐሴ ብዬ ወስኛለሁ። የአባቴ ስም በእርግጥም ሁለት ቦታ ተለያይቶ ተጽፏል፣ ነገ ሬጅስትራር እሄዳለሁ። የላፕቶፑን ነገር ግን ምን ላድርግ? ኔትወርክ መሃል ላይ ቢጠፋስ? አዲስ አበባም ዘመድ የለንም።

ጣና ዳር

ላፕቶፕ ከሌለሽ ኤስኤቲን ከሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ከኮሌጅ ቦርድ፣ በውሰት መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ከፈተናው ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት፣ ስለዚህ እንደተመዘገብሽ ጠይቂ። ከሰው ከተዋስሽ ደግሞ ብሉቡክ ቀድሞ ይጫንበት። ባትሪው ከሦስት ሰዓት በላይ መቆየቱንም ቤት ሞክሪው።

ኔትወርክ የግድ የሚያስፈልገው ስትጀምሪና መጨረሻ ላይ ስትልኪ ነው። መሃል ላይ ቢቆራረጥ ፈተናው ይቀጥላል፣ አትደንግጪ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከውጭ ተማሪ የሚጠይቁትን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በኢንተርኔት በሚሰጠው ዱኦሊንጎ የምትፈተኚ ከሆነ ግን እንዲህ አይደለም፣ ኔትወርኩ የማይቆራረጥበት ቦታ ፈልጊ። ውጤቱ በሁለት ቀን ስለሚደርስ ከኤስኤቲ በኋላ ይሁን።

የማርቆስ ልጅ

የማደሪያውን ነገር ለእኔ ተዪው። ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ሳሪስ ነው የምትኖረው። ከአባትሽ ጋር እሷ ዘንድ ታርፋላችሁ፣ ወንበርሽን እንደያዝሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ፈተናው ቅዳሜ ነው፣ ሐሙስ ግቡ። ዓርብ ጣቢያውን ሄዳችሁ እዩት። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ለማንም አይከፈትም።