ሲቪዬ ላይ ምን ልቁረጥ፣ ምን ልጨምር?

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነው ያለሁት። በ2015 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። በቴሌግራም ያየሁት ማስታወቂያ ላይ ሁሉ አመለክታለሁ፤ ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት ግን አንዴ ብቻ ነው።

ሲቪዬን የሠራልኝ አቶቴ አካባቢ ያለ ኢንተርኔት ቤት ነው። ልጁ የሌላ ሰው ሲቪ ከፍቶ ስሙን በስሜ ተካው። አራት ገጽ ነው፤ የጋብቻ ሁኔታ፣ «ትርፍ ጊዜ፦ ማንበብ» ምናምን ሞልቶበታል። ትናንት ደግሜ ሳየው የዚያ ሰው ስልክ ቁጥር ታች ላይ ቀርቶ አገኘሁት! (ማን ያውቃል፣ ስንቴ ደውለውለት ይሆናል።)

ዋናው ጭንቀቴ የሥራ ልምድ የሚለው ጋ ነው። «የለም» ይላል። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የአክስቴን እህል መደብር ሒሳብ በኤክሴል ይዣለሁ፤ የዱቤ ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩትም፣ በየወሩ ከካዝናው ጋር የማመሳክረውም እኔ ነኝ። ደመወዝ ያልተከፈለበት ሥራ ልምድ ተብሎ ይጻፋል? በምን ስም ላስቀምጠው?

ሊንክድኢንም አለኝ። ከስም በታች ያለችው መስመር እስከ 220 ፊደል ትይዛለች፤ እኔ «ሥራ ፈላጊ» ብዬ ትቻታለሁ። ፎቶዬም የምረቃ ጋውን የለበስኩበት ነው።

ሠራተኛ የምትቀጥሩ ካላችሁ፣ ሲቪ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው?