የእህቴን ልጅ ከአሜሪካ ወደ ደብረ ማርቆስ እንላካት እያሉ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

አጎት ከማርቆስ፦
እንዴት ከረማችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። እህቴና ባሏ ሜሪላንድ ነው የሚኖሩት። ቀድመው ስለሄዱ ልጃቸውን እዚህ ያሳደገቻት እናቴ ናት፤ የወሰዷት ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ነው። አሁን 15 ሆኗታል። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ዘንድሮ ውጤቷ ወርዷል፣ ክፍሏን ዘግታ ነው የምትውለው፣ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስትባል ትጣላለች። እህቴ ማታ ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፣ ባሏ ኡበር ይነዳል፣ እና እውነት ለመናገር ሦስቱ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አብረው ገበታ የሚቀርቡ አይመስለኝም። አሁን እህቴ "ጎጃም ሄዳ ሥርዓት ትማር" ብላ ቆርጣለች። ለልጅቷም በተጣሉ ቁጥር ይኼንኑ ትላታለች። እናቴ ደስ ብሏት አልጋ ሁሉ እያዘጋጀች ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ወቅቱንም ታውቁታላችሁ፣ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው።

ዳሞት፦
ላኳት በቃ! እኛ በአርጩሜ አድገን ምን ሆንን? እዚያ አገር ልጅ ሲቆጡት ፖሊስ ይጠራል አሉ። እዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ይቆጣጠራታል፣ ትስተካከላለች።

የቢቸናዋ፦
ዳሞት ወንድሜ፣ አትቀየመኝና የሚላከው ዕቃ አይደለም።
አጎት፣ እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ነኝ። ይቺ ልጅ እኮ ሁለት ጊዜ ከእናት ተነጥላለች፤ መጀመሪያ ከወለደቻት፣ ቀጥሎ ካሳደገቻት። አሁን ሦስተኛ ልታደርጉባት ነው። ደግሞ ጎጃምን ማስፈራሪያ ካደረጋችሁባት፣ የምትወዳት አያቷ ቤት እስር ቤት ሆኖ ነው የሚታያት።
ሌላው የማይወራ ነገር ማስተርጎሙ ነው። የኔ ልጅ የቤት ኪራይ ደብዳቤውን፣ የባንኩን ስልክ፣ የትምህርት ቤቱን ስብሰባ ሁሉ ስትተረጉምልኝ ነበር። አንዴ ሐኪም ዘንድ አብራኝ ገብታ፣ ጡቴ ላይ ስለወጣው እብጠት የሚለኝን ስትነግረኝ መሐል ላይ ድምጿ ቆመ። የቀረውን ግድግዳውን እያየች ነው የጨረሰችው። ቀን የቤቱ ሽማግሌ እናደርጋቸዋለን፣ ማታ "አንቺ ልጅ ዝም በይ!" እንላለን። ታዲያ እንዴት አይናደዱ? ለእህትህ ንገራት፤ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤትም ሆነ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ለወላጅ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። "አማርኛ" ብላ መጠየቅ ብቻ ነው።

መምህር ከባሕር ዳር፦
ሥነ ልቦና አስተምራለሁ፣ የቢቸናዋ ባለችው ላይ ልጨምር። ጆን ቤሪ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ13 አገሮች ከ5 ሺህ በላይ የስደተኛ ቤተሰብ ወጣቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱን አውጥተዋል። የተሻለ ሆነው የተገኙት የቤታቸውንም የአገሩንም ባህል አንድ ላይ የያዙት ናቸው። የከፋው ከሁለቱም ሳይሆኑ መሐል ሜዳ የቀሩት ላይ ነው። በዘራቸው ወይም በመጡበት አገር ምክንያት መገለል የደረሰባቸውም ይጎዳሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ምን ደርሶባት ይሆን? ስለ ቆዳዋ፣ ስለ ጸጉሯ፣ ስለ አነጋገሯ ማን ምን አላት? በጻፍከው ውስጥ ይኼን የጠየቃት ሰው የለም።
ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ማለቷንም ቶሎ ከሃይማኖት ጋር አታገናኙት። የጠላችው ቅዳሴውን ላይሆን ይችላል። እዚያ የዕድሜ እኩያ ጓደኛ ካላት ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ መጠለያ ይሆናታል፤ አማርኛዋ ላይ የሚስቁባት ከሆነ ግን እኔም ብሆን አልሄድም።
አንድ ነገር በቀልድ እንዳታልፉት። እንቅልፍና ምግብ ከተዛባባት፣ ትወደው የነበረውን ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተወች፣ ሐኪም ወይም የትምህርት ቤቱ አማካሪ ይያት። መሞት እፈልጋለሁ የሚል ነገር ካነሳች ደግሞ ነገ ዛሬ አይባልም፤ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭንቀት ለያዘው ሰው የሚረዳው 988 የሚባል ስልክ ቁጥር ቀንና ሌሊት በጥሪም በጽሑፍ መልእክትም ይሠራል። ጸበሉን ማንም አልከለከለም፣ ሐኪሙም ይኑር።

ዳሞት፦
እሺ ይሁን፣ አርጩሜውን ተውኩት። ግን ልጅ ዝም ብሎ ይለቀቃል እንዴ?

መምህር ከባሕር ዳር፦
ማን ይለቀቅ አለ? የት እንደምትውል፣ ከማን ጋር እንደሆነች ማወቅ እኮ ይጠብቃታል። ግን ልጅ የት እንደዋለ የሚናገረው ሲያቀርቡት ነው፤ በስለላ የሚገኝ ነገር የለም።

አጎት ከማርቆስ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለእህቴ ዛሬውኑ እደውላለሁ። እናቴን ግን ምን ልበላት? ልጅቷ ለኔ "ደህና" ብላ ትዘጋለች፣ ከአያቷ ጋር ከሆነ ግን ስለ ጎረቤት ድመት ሳይቀር ታወራለች።

የቢቸናዋ፦
እንዴ ወንድምዓለም፣ መድኃኒቱን እጅህ ላይ ይዘህ ነው እንዴ የምትጠይቀን! ቅዳሜ እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ኔትወርክ ባለ ቀን ስልኩን ለሁለቱ ብቻ ስጧቸው፣ እህትህም አጠገባቸው አትቀመጥ። እናትህን "ምከሪያት" ብለህ እንዳታዛት፣ የድመቷን ወሬ ያውሩ። አልጋውም አይፍረስ። ነገሩ ሲረጋጋ ለክረምት እረፍት ትምጣ፣ ግን ከፈለገች፣ የመመለሻ ትኬቷን ቆርጣችሁ እጇ ላይ ስጧት።