ነዳጅ ጫኝ መርከብ ወደ ኤላት ይግባ ወይስ ይቅር? (ክርክር)

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከኤላት ነው። ለማያውቃት፣ በረሃው አልቆ ቀይ ባሕር የሚጀምርባት የእስራኤል ደቡብ ጫፍ ናት። የባሕር ዳርቻዋ ቢደመር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱ ላይ ሆቴሉ፣ ወደቡ፣ ባሕር ኃይሉ፣ የኮራል (ባሕር ሥር እንደ ድንጋይ የሚያድግ ሕይወት ያለው ነገር) ፓርኩና የነዳጅ ማራገፊያው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከማራገፊያው የሚነሳው ቧንቧ በረሃውን አቋርጦ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር እስካለችው አሽቀሎን ከተማ ድረስ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የቧንቧው ኩባንያ ኤምሬቶች ካሉበት ድርጅት ጋር ተስማምቶ የገልፍን ድፍድፍ ነዳጅ በዚያ ሊያሳልፍ ነበር። በ2021 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ገደብ ጣለበት። ገደቡ ይነሳ ወይስ አይነሳ? ስድብ ክልክል ነው።

ቤርሳቤህ፦ ይነሳ! ሰው የሚበላው እንጀራ ነው እንጂ ኮራል አይደለም። ኤላት ላይ ሥራ ማለት ሆቴል ነው፣ አለቀ። ጦርነት በተነሳ ቁጥር ቱሪስቱ ይቀራል፣ ሠራተኛው ቤቱ ይቀመጣል። ወደቡ መኪና ያራግፍ ነበር፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከብ ሲመቱ እሱም ሥራ ፈታ። ደግሞ መርከብ ለኤላት ብርቅ አይደለም። መጽሐፈ ነገሥትን ክፈቱ፤ ሰሎሞን መርከቦቹን የሠራው በኤሎት አጠገብ ነው።

ዋናተኛው፦ ሰሎሞን ያስመጣው ወርቅ ነው ወንድሜ። ወርቅ ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ዓሣ አይገድልም።

ቤርሳቤህ፦ ሃሃ፣ እሺ።

ዋናተኛው፦ ቀልዱን ልተውና፣ እዚያ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ወንዝ አይገባበትም። ዝናብ የለም በሉት። ስለዚህ ውሃው እንደ መስታወት ነው። መነጽርና የአየር ቱቦ አድርገህ ከድልድዩ ትወርዳለህ፣ ጥቂት ሳትርቅ ኮራሉ ከሥርህ ነው። አንድ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀባ የሚመስል ዓሣ አለ። ኮራሉን ሲነክስ ክርጭ ክርጭ ሲል በጆሮህ ትሰማዋለህ፣ ቆሎ እንደሚበላ ሰው! ሌላው ዓለም ላይ ኮራል በሙቀት እየነጣ ሲያልቅ፣ የዚህ ሰላጤ ኮራል ከብዙዎቹ ይልቅ ሙቀት እንደሚችል ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ግን ሙቀት ቻለ ማለት ድፍድፍ ይችላል ማለት አይደለም። ሰላጤው ጠባብ ነው፣ ከታች ቲራን በሚባል ጠባብ መተላለፊያ በኩል ብቻ ነው የሚተነፍሰው። የፈሰሰ ነገር ቶሎ አይወጣም።

ቤርሳቤህ፦ ይፈሳል ያለው ማነው?

ዋናተኛው፦ ፈሷል እኮ! ታኅሣሥ 2014፣ ከኤላት ትንሽ ወደ ሰሜን ቧንቧው ፈንድቶ 5 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ኤቭሮና የተባለው ጥብቅ ቦታ ውስጥ ገባ። ሚዳቋ የሚውልበት፣ ግራር ያለበት ሜዳ ነው። በግራሮቹ መሐል ጥቁር ጅረት ወረደ።

ቤርሳቤህ፦ ለምን እንደፈነዳ ግን አልነገርከንም። ቧንቧውን እያዛወሩት ነበር። ለምን? አዲሱ አየር ማረፊያ ሊሠራ ነዋ። ቱሪስት ሊያመጡ! ያፈሰሰው ቱሪዝማችሁ ነው።

ዋናተኛው፦ ይህቺን ተቀብያለሁ። ግን ቱሪስት ራሱ አይፈስም።

ፎጣ አጣፊዋ፦ ከሠራዊት እንደወጣሁ እዚያ ሆቴል ስድስት ወር ሠርቻለሁ፤ የጨረሰ ወታደር እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራ የሚያገኘው ጉርሻ አለ፣ ለእሱ ብዬ። የትኛው ሆቴል እንደሆነ አልናገርም። አልጋ ማንጠፍ፣ ፎጣ ማጠፍ፣ መታጠቢያ ውስጥ የገባ አሸዋ መልቀም። አሸዋው አያልቅም። አብረውኝ የነበሩት ኤርትራውያንና በየቀኑ ድንበር ተሻግረው የሚመጡ የአቃባ ዮርዳኖሳውያን ናቸው። የትርፍ ሰዓት ሁለት ጊዜ ተበልቻለሁ። ስለዚህ ቱሪዝም መልአክ ነው አልልም። ግን ቤርሳቤህ፣ ቧንቧ ስንት ሰው ይቀጥራል? እኛ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ብቻ እንገፋፋ ነበር። ዘይት ራሱ ነው የሚሄደው፣ አስተናጋጅ አይፈልግም። ደግሞ በ2023 ከጋዛ ዙሪያና ከሰሜን የተፈናቀለውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያስጠለሉት ሆቴሎቹ ናቸው።

ጋሼ አሽቀሎን፦ ልጆች፣ ቧንቧው ሁለት ጫፍ አለው። ሁለተኛው እኛ ሰፈር ነው፣ እኛም ሐበሾች ብዙ ነን። ግንቦት 2021 ከጋዛ የተተኮሰ ሮኬት የነዳጅ ታንከሩን መታው። ጥቁር ጭሱን ከመስኮት ነው ያየሁት። ስለ ዓሣ ስታወሩ ሰምቼ ዝም ልል ነበር፣ ግን ሰው አለ በሉ። ኩባንያው በ1968 ከሻሁ ኢራን ጋር በሽርክና የተቋቋመ ነው። ሸሪኩ ጠላት ሆነ፣ ቧንቧው ግን እዚያው አለ። ዛሬ ኤምሬቶች ወዳጅ ናቸው ብላችሁ ለሃምሳ ዓመት አትፈርሙ።

ቤርሳቤህ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ከባድ ነው። ግን ታንከሩ ገደብም ኖሮ እዚያው ነው፣ አይነሳም። ጨምረን ብናተርፍበት ምናለ ነው የምለው።

ጋሼ አሽቀሎን፦ ትርፉን ስትካፈል ጥራኝ።

አቃባ ማዶ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አቃባ ሰው ቤት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ማታ ማታ ሰገነት ላይ ልብስ ሳሰጣ የኤላት መብራት ፊት ለፊቴ ነበር፣ የምትደርሱበት ያህል ቅርብ። ዓርብ ዓርብ የማዳም ልጆች ባሕር ይገባሉ፣ እኔ ጫማቸውን እጠብቃለሁ። ውሃው አጥር የለውም። ከኤላት የፈሰሰ ወደ እኛም ይመጣል። እስካሁን ስታወሩ አንድም ሰው አቃባን ጠይቃችኋል ወይ አላለም።

ቤርሳቤህ፦ እህቴ፣ እውነት ነው፣ አላሰብኩትም። ግን አቃባም የራሷ ወደብ አላት፣ ነዳጅም ታራግፋለች። አደጋው ከእናንተም ሊመጣ ይችላል።

አቃባ ማዶ፦ ይችላል ሳይሆን መጥቷል። ሰኔ 2022 ወደቡ ላይ የክሎሪን ጋዝ ታንከር ከክሬን ወድቆ ቢጫ ጭስ ወጣ። 13 ሰው ሞተ። መስኮት ዝጉ ተባለ። ፎጣ አርጥቤ በየበሩ ሥር ጎዘጎዝኩ፣ ልጆቹን መኝታ ቤት ዘጋሁባቸው። ሰገነት የወጣሁት በማግስቱ ማታ ነው። የኤላት መብራት እንደ ወትሮው ቦግ ብሎ በርቷል።